በሆንግ ኮንግ ከቤት ውጭ መዝናናትና ስፖርት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለንግድ፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ሆንግ ኮንግ የሚመጡ ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት የጺም ሻ ጹይን ሰፈር ሱቆችና የሆቴላቸውን ጠባብ ክፍል ነው። ከፎቆቹ ጀርባ ያለውን ተራራና ባሕር ሳይረግጡ መመለሳቸው ያሳዝነኛል፤ ከተማዋ ካላት ነገር ሁሉ የሚበልጠው በነፃ የሚገኘው ይህ ነውና። ከዚህ በታች ያሉት ብዙ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆንግ ኮንግ ፎቅ ብቻ አይደለችም እንዴ? ተራራው የት አለ?

ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከሚበልጠው መሬቷ ላይ የተገነባው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። 7.5 ሚሊዮን ገደማ የሆነው ሕዝብ በዚያ ሩብ ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል። 40 በመቶ የሚሆነው ደግሞ በሕግ የተከለለ ፓርክ ነው። ከፍተኛው ተራራ ታይ ሞ ሻን 957 ሜትር ሲሆን፣ በላንታው ደሴት ላይ ያለው ላንታው ፒክ 934 ሜትር ይደርሳል። ከሰፈሮቹ በላይ ቆሞ የሚታየው፣ የተኛ አንበሳ የሚመስለው ላየን ሮክ 495 ሜትር ነው። ከሞንግ ኮክ ገበያ ግፊያ ተነስቶ በባቡርና በአውቶቡስ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የወፍ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ዳገት ላይ መድረስ ይቻላል።

መሬት ይህን ያህል ውድ በሆነበት ከተማ ተራራው ሳይሸጥ፣ ሳይገነባበት እንዴት ቀረ?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም አንድ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ምክንያት ውኃ ነው። ሆንግ ኮንግ ትልቅ ወንዝና ሐይቅ የላትም። ስለዚህ የዝናቡን ውኃ ለማጠራቀም በየሸለቆው ግድብ ተሠራ፤ ውኃው እንዳይበከል በግድቦቹ ዙሪያ ያለው ተራራ ሰው እንዳይሰፍርበት ተጠበቀ። ዛሬ ቤተሰብ የሚንሸራሸርባቸው የሺንግ ሙን፣ የታይ ታም፣ የካም ሻን ዱሮች በሙሉ የግድብ ዳርቻ ናቸው።

ሁለተኛው ዛፉ ነው። ከ1941 እስከ 1945 በነበረው የጃፓን ወረራ ዘመን ሕዝቡ የሚያነደው አጥቶ ተራራውን አራቆተው። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ቶሎ የሚያድጉ የውጭ ዛፎችን በብዛት አስተከለ። እንጦጦ ማገዶ አልቆበት በባሕር ዛፍ ሲሸፈን የሆነውን ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም።

ሦስተኛው፣ በእኔ እምነት ወሳኙ፣ ሕጉ ነው። በ1967 ከተማዋን ካናወጠው ብጥብጥ በኋላ መንግሥት በጠባብ ቤት ታፍኖ ስለሚኖረው ወጣት መዋያ አጥብቆ ማሰብ ጀመረ። ከተማዋ በእንግሊዝ ሥር ሳለች፣ ከ1971 እስከ 1982፣ ገዥ የነበሩት ሙሬይ ማክሊሆስ ራሳቸው የእግር ጉዞ ወዳጅ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1976፣ የገጠር ፓርኮች ሕግ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ፓርኮች ተከለሉ። ዛሬ ቁጥራቸው 25 ደርሷል። የቤት እጥረት በተባባሰ ቁጥር «ከፓርኩ ጫፍ ትንሽ ቆርሰን ቤት እንሥራ» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ሕዝቡ በብዛት ይቃወማል፤ ልክም ነው። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ ያ ተራራ ሳሎኑና ግቢው ነው።

ተራራ ወጥቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ድራገንስ ባክ ከሚባለው ሸንተረር ይጀምሩ። በሆንግ ኮንግ ደሴት ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። በባቡር ሻው ኬይ ዋን ወርደው 9 ቁጥር አውቶቡስ ይያዙ፤ ቶ ቴይ ዋን ፌርማታ ላይ ይወርዳሉ። ከዚያ አጭር ዳገት ይወጡና በሸንተረሩ አናት ላይ ይሄዳሉ፤ በግራም በቀኝም ባሕር ይታያል። የሸንተረሩ ከፍተኛ ቦታ 284 ሜትር ብቻ ነው። መንገዱ በጥላ ውስጥ አልፎ ቢግ ዌቭ ቤይ የተባለ የባሕር ዳርቻ ላይ ያደርሳል። ሳይቸኩሉ ቢሄዱ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው።

ዳገት የማይችሉ አረጋዊ ወይም በጋሪ የሚገፋ ሕፃን አብሮዎት ካለ ደግሞ ቪክቶሪያ ፒክን የሚዞረው የሉጋርድና የሃርሌክ መንገድ አለ። 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሜዳማ መንገድ ነው። ከተማውና ወደቡ ከእግር ሥር ተዘርግተው ይታያሉ፤ ለዚያውም ያለ ክፍያ። ጎብኚዎች ለከተማው እይታ የሚከፍሉበት ሰገነት እዚያው አጠገብ አለ፤ ከሉጋርድ መንገድ የሚታየውን ግን እመርጣለሁ።

ላየን ሮክን ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጊዜ ያቆዩት። ደረጃው ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ አናቱ ላይ ያለው ገደልም አጥር የለውም።

ረዥም መንገድ የሚወድ ሰውስ?

አራት ታላላቅ የእግር መንገዶች አሉ። ከሁሉም የሚረዝመው ማክሊሆስ ትሬይል በ1979 የተከፈተ ሲሆን፣ ከምሥራቅ ሳይ ኩንግ እስከ ምዕራብ ቱን ሙን 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዊልሰን ትሬይል 78፣ ላንታው ትሬይል 70፣ ሆንግ ኮንግ ትሬይል 50 ኪሎ ሜትር ናቸው። ሁሉም በክፍል በክፍል የተከፋፈሉ ስለሆነ በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል እየሄዱ መጨረስ ይቻላል። ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ሌላው ዓይነት ሰው ደግሞ አለ። በ1981 በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የነበሩ የኔፓል ጉርካ ወታደሮች ማክሊሆስ ትሬይልን በልምምድ መልክ መሄድ ጀመሩ፤ በኋላ ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ተቀላቀለው። ዛሬ ትሬይልዎከር በሚል ስም አራት አራት ሆነው 100 ኪሎ ሜትሩን በ48 ሰዓት ውስጥ ለመጨረስ የሚወጡበት የእርዳታ ማሰባሰቢያ ነው። ከዚያም የባሱ አሉ፦ በቻይናውያን አዲስ ዓመት ሰሞን አራቱንም መንገዶች አከታትለው፣ 298 ኪሎ ሜትር፣ በራሳቸው ስንቅ የሚጨርሱ። ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በባቡርና በጀልባ ስለሚጓዙ የሚያሸልቡት እዚያ ላይ ነው።

ከማክሊሆስ ክፍሎች አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ክፍል ሁለትን ይምረጥ። መነሻው አካባቢ ባለው የሃይ አይላንድ ግድብ ከ140 ሚሊዮን ዓመት በፊት በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተሠሩ ባለ ስድስት ማዕዘን የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል። ከዚያ ወዲያ የታይ ሎንግ ዋን ነጭ አሸዋ ይመጣል።

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። 900 ሜትር ተራራ ምን ሊያደርገኝ ይችላል?

ተራራው ምንም አያደርግዎትም፤ ወበቁ ግን ይጥልዎታል። ይህን ደግሜ ደጋግሜ የምናገረው ከደጋ የመጣ ብርቱ ሰው ስለሚሳሳትበት ነው። እውነት ነው፣ ታይ ሞ ሻን አናት ላይ ያለው አየር ከአዲስ አበባው የበለጠ ኦክስጅን አለው፤ ትንፋሽ አያጥርም። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ግን ላብ ሲተን ነው። በበጋቸው ወራት ሙቀቱ 33 ዲግሪ ይደርሳል፤ አየሩ ራሱ በውኃ የተሞላ ስለሆነ ላቡ አይተንም፤ ቆዳ ላይ ይንቆረቆራል እንጂ። የደጋ ሰው ደግሞ «ትንፋሼ ደህና ነው» ብሎ ስለሚቀጥል ሙቀቱ ውስጥ ውስጡን ይጎዳዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የብርድ ስሜት ከመጣ ጥላ ሥር መቀመጥ፣ ውኃ መጠጣት፣ መመለስ ነው። ከፊት ያለው አናት ነገም እዚያው አለ።

ከሚያስቡት በላይ ውኃ ይያዙ፤ ጨው ያለው ነገርም አብሮ ይኑር። በመጀመሪያው ሳምንት ሩጫውን ከወትሮው በግማሽ ይቀንሱ፤ ሰውነት እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጭጋግ ይበዛል። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀትና ከባድ ዝናብ፣ ከዚያም አልፎ ታይፉን የሚባለው ከባሕር የሚነሳ ብርቱ አውሎ ነፋስ አለ።

ታይፉን ሲመጣ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ ቁጥር ያወጣል፦ 1፣ 3፣ 8፣ 9፣ 10። 8 ቁጥር ሲወጣ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ይዘጋል፤ መጓጓዣም እየቆመ ይሄዳል። ዝናቡም በቀለም ይነገራል፦ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ጥቁር ማለት በሰዓት ከ70 ሚሊ ሜትር በላይ መዝነብ ነው። በእንደዚህ ያለ ቀን ጅረት አጠገብ የሚሄድ መንገድ ደራሽ ውኃ ይወርድበታል። 3 ቁጥር እያለም ተራራ አይውጡ። መሥሪያ ቤቱ በነፃ የሚሰጠው የስልክ መተግበሪያ አለ፤ ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት ይዩት።

ብቻዬን ብሄድ፣ ያውም ሴት ሆኜ፣ ያሰጋኛል?

ወንጀልን በተመለከተ ሆንግ ኮንግ ከሰላማዊ ከተሞች አንዷ ናት፤ ብቻቸውን የሚሄዱ ሴቶችንም በየመንገዱ ያገኛሉ። የሚያሰጋው መውደቅ፣ መጥፋትና ሙቀት ነው። በታላላቆቹ መንገዶች ላይ በየ500 ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ ቆሟል። ችግር ቢደርስ 999 ደውለው ያንን ቁጥር ማንበብ በቂ ነው፤ ነፍስ አድኖች የት እንዳሉ ወዲያው ያውቃሉ። ስለዚህ ባለፉት ቁጥር ሁሉ የምሰሶውን ፎቶ ያንሱ። ወዴት እንደሚሄዱና ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ተናግረው ይውጡ።

አውሬስ?

እባብ አለ፤ መርዛማም አለ፤ ግን ከሰው ይሸሻል። በሣር ውስጥ አቋራጭ አለመሄድ ነው። በካም ሻን ፓርክ ጦጣዎች መንጋ መንጋ ሆነው ይጠብቃሉ። የፕላስቲክ ከረጢት ካዩ ምግብ ነው ብለው ይነጥቃሉ፤ ስለዚህ የሚበላ ነገር በእጅ አይታይ። ጦጣም ሆነ የዱር አሳማ መመገብ ክልክል ነው፤ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ቅጣቱ እስከ 100,000 የሆንግ ኮንግ ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል።

እኛን የሚያስደስተን ከብቱ ነው። በላንታውና በሳይ ኩንግ እረኛ የሌላቸው ላሞችና በሬዎች በባሕር ዳርቻው አሸዋ ላይ ተኝተው ያመነዥካሉ። ገበሬዎቹ እርሻ ትተው ከተማ ሲገቡ የተዋቸው የእርሻ ከብቶች ዘሮች ናቸው። አይንኳቸው፣ አያብሏቸው፤ ግን ቆም ብለው ቢያዩአቸው አገር ቤት ያስታውሳሉ።

ስንት ብር ያስወጣል?

የፓርኮቹ መግቢያ ነፃ ነው። የሚወጣው የትራንስፖርት ብቻ ነው፤ ለዚያም ኦክቶፐስ ካርድ ገዝተው ገንዘብ ከሞሉበት ባቡሩንም፣ አውቶቡሱንም፣ ሚኒባሱንም፣ ጀልባውንም ይከፍሉበታል። በተፈቀዱት ቦታዎች ድንኳን ተክሎ ማደርም ያለ ክፍያ ነው፤ አንዳንዶቹ ግን አስቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃሉ። እሳት ማንደድ የሚቻለው በተዘጋጀው ምድጃ ላይ ብቻ ነው። ሥጋ መጥበሻ ምድጃዎች በየፓርኩ አሉ፤ በበዓል ቀን ግን ማልደው ካልደረሱ ቦታ አያገኙም።

ኳስ የት ልጫወት?

በየሰፈሩ በፎቆች መካከል የሲሚንቶ ሜዳ አለ። መረብ ታጥሮለት፣ መብራት ተተክሎለት እስከ ምሽት ሰው አይጠፋበትም። ያልተያዘ ከሆነ ገብቶ መጫወት ነፃ ነው፤ ልጆች ተራ ይዘው ይጠብቃሉ፣ የጎደለበት ቡድንም እንግዳ ይጨምራል። ቋንቋ አይጠይቅም። የሣር ሜዳዎች ግን የሚከራዩት በመንግሥቱ የመዝናኛና የባህል አገልግሎት መሥሪያ ቤት በኩል፣ ስማርት ፕሌይ በተባለው የምዝገባ ዘዴ ነው። ፉክክሩ ብርቱ ነው፤ ለቅዳሜ ምሽት ሜዳ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል።

መሬት እንዴት ቢቆጥቡት እንደሚበቃ ማየት ለሚፈልግ ሃፒ ቫሊን ላሳየው። በፈረስ መሮጫው መሐል የኳስ ሜዳዎች አሉ። ረቡዕ ማታ ፈረሶች ይሮጡበታል፤ በሌላው ቀን መሐሉ የኳስ ተጫዋች፣ ዙሪያው የሯጭ ነው።

ስለ ሜዳ ካነሳን ማለዳውን አልዘለውም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቪክቶሪያ ፓርክ ወይም ኮውሉን ፓርክ ቢሄዱ አረጋውያን ታይ ቺ የተባለውን ዝግ ያለ የቻይናውያን የአካል እንቅስቃሴ ሲሠሩ፣ በጠጠር በተነጠፈ መንገድ ላይ ባዶ እግራቸውን ሲራመዱ ያገኟቸዋል። አባትና እናት ይዘው ለመጡ ሰዎች ከዚህ የሚሻል መዋያ የለም፤ አጠገባቸው ቆሞ እንቅስቃሴውን መከተል ይቻላል፣ ማንም አይከለክልም።

ባሕሩስ? መዋኘት አልችልም።

እንግዲያው ከገንዳ ይጀምሩ፤ የሕዝብ መዋኛ ገንዳዎች በየወረዳው በትንሽ ክፍያ አሉ፤ ለአዋቂም ትምህርት ይሰጣል። ባሕር በሌለው አገር አድገን ዋና አለመቻላችን አያሳፍርም፤ ሳይችሉ ማዕበል ውስጥ መግባት ግን ሕይወት ያስከፍላል።

መንግሥት የሚያስተዳድራቸው 40 ገደማ የመዋኛ ዳርቻዎች አሉ። ሪፐልስ ቤይ፣ ሼክ ኦ፣ ክሊር ዋተር ቤይ በብዛት የሚታወቁት ናቸው። መግቢያቸው ነፃ ነው፤ በወቅቱ ነፍስ አድን ይኖራል፤ በአብዛኛው የሻርክ መከላከያ መረብ ተዘርግቷል። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አይገባም። ያ በእግር የሚደረስበት የሳይ ኩንግ ታይ ሎንግ ዋን ግን ነፍስ አድን የለውም፤ ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድም አለው። እዚያ እግርዎን ብቻ ይንከሩ።

በአምስተኛው የጨረቃ ወር በአምስተኛው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኔ ላይ በሚውለው በዓል፣ የድራጎን ጀልባ ውድድር አለ። 20 ቀዛፊ፣ አንድ ከበሮ መቺና አንድ መሪ በአንድ ጀልባ ይሳፈራሉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ ውድድር በ1976 የተጀመረው እዚሁ ነው። ቼንግ ቻው የተባለችው ትንሽ ደሴት ደግሞ የዊንድሰርፊንግ፣ ማለትም ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በነፋስ ባሕር ላይ የመንሸራተት፣ ቦታ ናት። በ1996 በአትላንታ ለሆንግ ኮንግ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ሊ ላይ ሻን የዚያች ደሴት ልጅ ናት። የአበበ ቢቂላን ስም ይዞ ያደገ ሰው የመጀመሪያ ወርቅ ለአንድ ሕዝብ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ብስክሌት መንዳት ይቻላል?

በመሐል ከተማ አልመክርም። በሰሜን በኩል ግን ከቱን ሙን እስከ ማ ኦን ሻን 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ፣ ከመኪና የተለየ የብስክሌት መንገድ አለ። ታይ ዋይ ወይም ሻ ቲን ወርደው ብስክሌት ይከራዩ፤ ወንዙን ተከትለው እስከ ታይ ፖ ይሂዱ። በፓርኮቹ የእግር መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው።

ማራቶኑ ላይ መሮጥ እፈልጋለሁ።

በ1997 የተጀመረው የሆንግ ኮንግ ማራቶን ክረምታቸው ላይ፣ ጥር ወይም የካቲት ገደማ ይካሄዳል። በሴቶቹ ውድድር የእኛ ልጆች በተደጋጋሚ አሸንፈውበታል፤ ውጤቱ ሲነገር መንገድ ዳር ቆሞ ባንዲራ ያወዛወዘ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ተሳታፊው ብዙ ስለሆነ ለተራው ሯጭ ቦታ በዕጣ ይሰጣል፤ ምዝገባው ወራት ቀድሞ ነው። መንገዱ ድልድይና ከባሕር ሥር የሚያልፍ ዋሻ አለው። ከዋሻው መውጫ ያለው ዳገት የሚመጣው እግር ከዛለ በኋላ ስለሆነ በልምምድ ላይ ዳገት አይዝለሉ።

እሁድ ስወጣ ሁሉም ቦታ ሰው ሞልቶታል። ምን ላድርግ?

ከተቻለ በሥራ ቀን ይውጡ፤ ካልተቻለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት መንገድ ላይ ይሁኑ። እሁድ የቤት ሠራተኞች የእረፍት ቀን ነው። ሕጉ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እረፍት ስለሚሰጣቸው የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ ሴቶች በየመናፈሻው፣ በየተራራው ይወጣሉ፤ ከመካከላቸው የታወቁ የተራራ ሯጮች አሉ። በዓረብ አገራት ስንት እህቶቻችን ያለ እረፍት ቀን እንደሚሠሩ ለምናውቅ ሰዎች ይህን ማየት ደስታም ቁጭትም ነው። ስለ መጨናነቅ ከማማረር ቦታ እንልቀቅላቸው።

በጠባብ መንገድ ለሚወጣ ሰው ይቅደም ይበሉ። ጠዋት ላይ «ጆ ሳን» (እንደምን አደሩ) ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ ከተማ ውስጥ ቀና ብለው የማያዩዎት ሰዎች ተራራ ላይ ፈገግ ብለው ይመልሳሉ። ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ፤ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በእግር መንገዶቹ ላይ የነበሩት ቅርጫቶች ሆን ተብለው ተነስተዋል።

በትራንዚት ነው የማልፈው፤ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት አለኝ። ይበቃል?

በመጀመሪያ ፓስፖርትዎ ወደ ከተማ እንደሚያስገባዎት ወይም ቪዛ እንደሚያስፈልግዎት ከጉዞው በፊት ያረጋግጡ፤ አየር ማረፊያው ላይ ደርሶ መለመን አያዋጣም። ከተፈቀደልዎት አየር ማረፊያው ራሱ ላንታው ላይ ስለሆነ መሐል ከተማ መሄድ አያስፈልግም። ሻንጣውን አየር ማረፊያው ማስቀመጫ ሰጥተው በኤስ 1 አውቶቡስ ቱንግ ቹንግ ይሂዱ። ከዚያ 5.7 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የገመድ ላይ መኪና በ25 ደቂቃ ገደማ ንጎንግ ፒንግ ያደርሳል፤ 268 ደረጃ ወጥተው 34 ሜትሩን የቡድሃ ሐውልት ያያሉ። ገመዱ ነፋስ ሲበረታ ይቆማል፤ ወረፋውም በእረፍት ቀን ረዥም ነው። መራመድ ለሚመርጥ ከቱንግ ቹንግ በባሕሩ ዳር ታይ ኦ የተባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ድረስ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ፤ አራት አምስት ሰዓት ይመድቡለት። መመለሻው 11 ቁጥር አውቶቡስ ነው። በረራው ሦስት ሰዓት ሲቀረው አየር ማረፊያ ይገኙ።